ለጃፓናዊው ወገን ሆኖ የቆመው

ፈጠራ ነው የሚል ካለ ቆቦ ይምጣና የሳሊሀን ዓይን ይይ። እኔ የምጽፈው ራሷ የነገረችኝን ነው። አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም ቀንሼለታለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የቆቦ ፀሐይ አስፋልቱን የምታቀልጥበት ሰዓት። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል ያላችሁ ማን ነው?

የማስተር ካሳው ካራቴ ማሰልጠኛ ግድግዳ ላይ የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። ስልቱን የፈጠረው እሱ ነው። ተማሪ ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል። ሳሊሀና ታናሽ ወንድሟ መንሱርም እጅ እየነሱት ነው ያደጉት።

አንድ ቀን ሳሊሀ ስለ ሰውየው በስልኳ አነበበች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ያሰለጥን ነበር። የሚያሰለጥነው ደግሞ በምርኮኞች ገላ ላይ ነው። የፊጥኝ አስሮ... በሕይወት እያሉ...

«የት ቢመቱት ቶሎ አይሞትም?» እያለ ነበር የሚያስተምረው።

ከጦርነቱ በኋላ ማንም አልጠየቀውም። ተከብሮ፣ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ሞተ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ግማሹ «ፎቶው ይውረድ» አለ። ግማሹ «ጠላቶቹ የጻፉበት ነው» አለ። «ቢሆንስ ጥበቡ ምን አጠፋ?» ያለም ነበር። ጦርነትን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ እኛ ሰፈር ጦርነት የማያውቅ ሕፃን የለም። ግን ሰው የሚወደው ሲነካበት ጆሮው ይደፈናል።

ማስተር ካሳው መላ አገኘ። ባያገኝ ይሻለው ነበር።

«ራያ ደም ያደርቅ የለም እንዴ? ይኼንንም እናድርቀዋ!»

ደም ሲደርቅ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከገዳይ ወገን አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል። የሟች ወገን «ይቅር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ገዳዩ ራሱ ከሞተ ዘመዱ ይቆምለታል።

ስንቱን ያስታረቁት አያ አራጌ ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ ቸከሉ።

«በደም አይቀለድም፣ ካሳው።»

«ለስሙ ነው አያ... የልጆቹ ልብ እንዲያርፍ ብዬ ነው።»

«ለስሙ የሚባል ደም የለም። ወገን ነኝ ያለ፣ ወገን ነው።»

መንሱር ከኋላ እጁን አወጣ። «እኔ እቆምለታለሁ። ወገኑ ነኝ።»

ሳሊሀ ክንዱን ጨመቀችው። «ተው... ተው መንሱሬ...»

«ምን ይሆናል? ድንጋይ ነው እኮ» አላት እየሳቀ።

ያን ቅዳሜ የተቀመጡት ከማሰልጠኛው ጓሮ፣ ቁርቁራው ዛፍ ስር ነው። የሟች ወገን ቦታ ግን ባዶ ነበር። የነዚያ ምርኮኞች ዘመድ ከየት ይምጣ?

ሳሊሀ ሄዳ ተቀመጠችበት። ወንድሜን ከኔ በላይ ማን ይምረዋል ብላ ነው። ቶሎ «ይቅር» ብላ፣ ቶሎ ይዛው ቤቷ ልትገባ።

እንደተቀመጠች እግሯ በረዳት። በዚያ ሙቀት...

አያ አራጌ ወደ እሷ ዞሩ። «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ።

ብቻዋን ነበረች።

«ጠጋ በይ ልጄ» አሉ ቀጥለው። «ሰዎቹ ተጨናንቀዋል።»

ማንም አልሳቀም። ልትነሳ ፈለገች፤ እግሯ እምቢ አላት።

መንሱር ከጎሊና ወንዝ ያመጣትን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ትንሽ ዳቦ ብታክል ነው።

«የሟች ወገን፣ ይቅር ብላችኋል?» አሉ አያ አራጌ።

ሳሊሀ «ይቅር ለአላህ» ልትል አፏን ከፈተች...

የወጣው ሌላ ነው።

አማርኛ አይደለም። ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ አፋርኛም አይደለም። የአንድ ሰው ድምፅም አይደለም... የብዙ ሰው ነው። ወንድ፣ ሴት፣ አሮጊትም አለበት።

መንሱር አቃሰተ።

«ሳሊሀ... ከበደኝ።»

ግንባሩ አፈር ነካ።

«አውርዱለት!» ብለው ጮኹ አባታቸው እንድሪስ።

ካሳው ድንጋዩን ያዘ። ንቅንቅ አልል አለው። ጎረምሶቹ ተረባረቡ። ያ ሁሉ ጡንቻ፣ ያ ሁሉ ቀበቶ... ዳቦ ለምታክል ድንጋይ! የአንዱ ጥፍር ተነቀለ።

«ይቅር በይ! አንቺ ልጅ፣ ይቅር በይ!» እያሉ ጮኹባት።

ሞከረች። እያለቀሰች ሞከረች። አፏ ግን ያንኑ ይደጋግማል... ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። የት ቢጫኑት ቶሎ እንደማይሞት ያወቀ ይመስል።

«እህቴ...» አለ መንሱር።

ከዚያ የማጅራቱ አጥንት ሲሰበር ተሰማ፤ ትንፋሹም አብሮ ቆመ።

አባቱ ጎረምሶቹን ገፍተው ደረሱ። ድንጋዩን በአንድ እጃቸው አነሱት።

የሚያዩት ግን መንሱርን አልነበረም። ሳሊሀን ነበር።

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«አላውቅም አባ...»

ዋሽታቸዋለች። ቋንቋውን በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። የተናገረችው ግን እያንዳንዱ ቃል ገብቷት ነበር። ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

«ምን ነበር?» አልኳት በሹክሹክታ።

ከጎኗ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረች። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው... ጠበቀች... ጠበቀች...

ከዚያ እምቢ እንደተባለ ሰው ቀስ ብላ አፏን በሁለት እጇ ከደነችው።