ያልለቀቀው ፍሬን

ፒካፑ አፍንጫውን ወደ ቦዩ ደፍቶ ቆሟል። የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ከኋላ የተጫነው ዳቦ ከነሣጥኑ ተገልብጦ አስፋልቱን ሞልቶታል።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። ከሚጨሰው መኪና ሲዘሉ ግራ እጃቸው ተሰብሯል። ሹፌሩ ግን አጠገባቸው አልነበረም። ከመኪናው ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ መፍቻ ይዞ፣ የፍሬኑን ብሎን እየፈታ ነበር።

ፖሊሶች የደረሱት በዚህ ሰዓት ነው። አንዲት ሴት ተጎድታለች፤ አንድ ሰው ፍሬን ይፈታል። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሹፌሩን ከሥሩ ጎትተው አወጡትና ወሰዱት።

በማግስቱ መዝገቡ ኢንስፔክተሯ ዘንድ ደረሰ። ኢንስፔክተሯ ጥድፊያ አትወድም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለው አባባል አላት፤ ባልደረቦቿ ሰልችቷቸዋል። ሹፌሩን አስጠራችው።

«ብሎኑን ለምን ፈታህ?»

«ጎማው አልለቅ ሲለኝ የፍሬኑን ዘይት ግፊት ላስተነፍስ ነዋ! እሳት ሊነሳ ነበር እኮ።»

«ባለፈው ዳቦ ቤቱ በር ላይ እትዬን ምን አልካቸው? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።

«‘አንድ ቀን ይሄ ፍሬን ራሱ ዝም ያሰኝዎታል’ አልኩ። አፌን ይቁረጠው! ግን ጎኔ ተቀምጠው በየመታጠፊያው ‘ፍሬን! ፍሬን! ቀስ በል!’ ሲሉኝ ነው የሚውሉት። ሰው ስሜን ረስቶ ‘ቀስበል’ ነው የሚለኝ። ያመለጠኝ አፌ ነው፣ እጄ ንጹሕ ነው።»

«መኪናው ከዚያ በፊት ምልክት አላሳየም?»

«አሳየ እንጂ። ሰሞኑን ከብዶኝ ነበር። ነዳጅ ስሰጠው የኋሊት የሚጎትተው ያለ ይመስላል። ከአደጋው በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ ጎማው አካባቢ ተቃጠለ ተቃጠለ ሸተተኝ። ለልጃቸው ነገርኩት። ‘ሙቀቱ ነው፣ ግድ የለም’ አለኝ። ጠዋት ደውሎ ደግሞ ‘እማዬን ዛሬ እንዳታስገባት’ አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ለእናቱ ይሳሳል። ግን እሳቸውን ማን ያስወርዳል? ቀድመውኝ ገብተው ቀበቶ አስረዋል።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ሹፌሩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ልጆቼ ‘አባታችሁ ሰው ሊገድል ነበር’ ተብለዋል። መንጃ ፈቃዴ ቢነጠቅ፣ ይሄ እጅ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ብታሰር ደግሞ ምን ይሆናሉ?»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መካኒኩ ነበር። በቅርቡ የፊት ፍሬን ሸራ የቀየረው እሱ ነው። ፒካፑ ወደቆመበት የጣቢያው ግቢ የገባው እያወራ ነው።

«እኔ የነካሁት መኪና ፍሬኑ ይዞ አይቀርም! ይኸው!» ብሎ በትከሻው ገፋው። ፒካፑ እንደ ሕፃን ጋሪ ተንከባለለ።

«ቀዝቅዞ ነዋ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብሎኑም ክፍት ነው። እስቲ ዝጋውና በክሪክ አንሣው። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ።»

መካኒኩ ብሎኑን ዘግቶ አየሩን አስወጣ፣ መኪናውን አነሣ፣ ረገጠ። ኢንስፔክተሯ የፊቱን ጎማ ልታዞር ሞከረች። አልዞር አለ።

«ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር ዝጎ ይሆናል» አለ መካኒኩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ወይ ቱቦው ተደፍኗል።»

የኋላውን ሞከረች። እሱም ተይዟል። ሌላውም፣ ሌላውም።

«አራቱም በአንድ ጊዜ ዛገ?»

መካኒኩ ጭንቅላቱን አከከ። «አይ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው» አለና ኮፈኑን ከፈተ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ከፍሬኑ ማስተር የሚወጡትን ቧንቧዎች ትንሽ ላላ ላላ ሲያደርጋቸው ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ። አራቱም ጎማዎች ለቀቁ።

«ግፊቱ የታገተው እዚህ ነው» አለ። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፈተ። ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ጎማ ወተት ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አብጧል።

ኢንስፔክተሯ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስመጣች። መካኒኩ ከማጠራቀሚያው ቀድቶ ጠብ አደረገበት። የፍሬን ዘይቱ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ጠፋ። ወርቃማ የዘይት ዓይኖች ግን ከላይ ተንሳፍፈው ቀሩ።

«የሞተር ዘይት ነው!» አለ መካኒኩ። «ማነው እዚህ ውስጥ የጨመረው? የፍሬን ማሸጊያ ጎማ ይሄን ሲጠጣ ያብጣል። ያበጠው ጎማ ዘይቱ የሚመለስባትን ቀዳዳ ይደፍናታል። እግርዎን ቢያነሡም ፍሬኑ አይለቅም። ሲሞቅማ ይብስበታል።»

«አንተ አለመሆንህን በምን ልወቅ?»

«እንዴ! ሸራውን ‘ቢበላሽ እኔ እተካለሁ’ ብዬ ነው የገጠምኩት። የገዛ ሥራዬን አቃጥላለሁ?»

ኮፈኑ የሚከፈተው ከመኪናው ውስጥ ነው። ቁልፉ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሹፌሩና እትዬ በየማለዳው ነፍሳቸውን ይዘው የሚሳፈሩበት መኪና ነው። ሦስተኛው፣ የእትዬ ልጅ፣ ተሳፍሮበት አያውቅም። በዚያ ጠዋት እናቱም እንዳይሳፈሩ ለምኗል።

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን ይዛ ዳቦ ቤቱ ሄደች። እትዬ እጃቸው በጄሶ ታስሮ ምድጃው አጠገብ ቆመው ዱቄት የሚያቦኩትን ይቆጣሉ። ልጃቸው ሣጥን ይደረድራል። ብርጭቆውን ሲያይ ሣጥኑ ከእጁ ወደቀ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ።

«ከፒካፑ ፍሬን የወጣ ነው።» ወደ ልጁ ዞረች። «ከአደጋው ቀን በፊት እናትህ መኪናው ላይ እንዳይወጡ ከልክለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ለሹፌሩ ደውለህ ‘እንዳታስገባት’ ያልከው ምን ሰምተህ ነው?»

ልጁ እናቱን አየ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ‘ልብሽ ደክሟል፣ እረፊ’ አለሽ። አልሰማሽም፣ እማዬ። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተሽ መኪናው ላይ ነሽ። ዘይቱን የጨመርኩት መኪናው ካስቸገረሽ ይሰለችሻል፣ ትሸጪዋለሽ ብዬ ነው። እንዲሁ ቆሞ የሚቀር መሰለኝ። ሹፌሩ ሸተተ ሲለኝ ፈራሁ። ልናገር ስል ደግሞ ምላሴ ተሳሰረ።»

«ልታሳርፈኝ?» አሉ እትዬ። «ለዘላለም ልታሳርፈኝ ነበር እኮ!»

ልጁ አለቀሰ። እትዬ በደህናው እጃቸው የወደቀውን ሣጥን አነሡ። ሲናገሩ ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ ነበር፤ የቀረው ከቁጣ ይከብዳል።

«እኔስ እናትህ ነኝ፣ እችለዋለሁ። እሱ ግን ምን በደለህ? የልጆች አባት ታስሮ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?»

«አልወሰደኝም» አለ ልጁ። ተነሥቶም ማንም ሳይጎትተው ከኢንስፔክተሯ ፊት ፊት ወደ ጣቢያ ሄደ።

ሹፌሩ ቀስበል የዚያኑ ቀን ተፈታ። ልጁ ተከሰሰ፤ ራሱ መጥቶ ማመኑና የተበዳዮቹ ይቅርታ ታይቶለት ቅጣቱ በገደብ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ልጁ፣ ሹፌሩ በዛተበት በር ላይ፣ ያንኑ ሰፈር ሰብስቦ፣ የሹፌሩ ጉልበት ላይ ወደቀ። እትዬም «እኔም ‘እሱ ነው’ ብዬ ጠርጥሬሃለሁ» ብለው የሹፌሩን እጅ ያዙ። ቀስበል ጎንበስ ብሎ ልጁን ክንዱን ይዞ አነሣው።

መካኒኩ ማስተሩን ቀየረ፣ ያ ዘይት የነካው ማሸጊያ ጎማ ሁሉ ተለወጠ፣ ቧንቧው ታጠበ። «ከእንግዲህ ካልተከፈተ ጠርሙስ በቀር አንድ ጠብታ እንዳይገባ!» ብሎ ሦስቱንም ገሠጸ። ካሊፐሮቹ የሚንሸራተቱባቸውን ዘንጎችም ቅባት ቀባ።

አሁን ፒካፑ በተመለሰ ቁጥር ልጁ አራቱን ጎማዎች እየዞረ ሙቀታቸውን ይፈትሻል።

«በመዳፍህ አይደለም፣ ትቃጠላለህ» ይለዋል ቀስበል። «የእጅህን ጀርባ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ከጋለ፣ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ተናገር።»

«እናገራለሁ» ይላል ልጁ።

ፒካፑ ከተጠገነ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ ዳቦው ተጫነ። እትዬ እንደ ልማዳቸው መጥተው በደህናው እጃቸው የመኪናውን እጀታ ያዙ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል። ሹፌሩም ወደፊት እያየ ጠበቀ።

እትዬ እጀታውን ለቀቁት።

«በል ግባ» አሉት ልጃቸውን። «ቀበቶህንም እሰር።»

ፒካፑ ወጣ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ልጁ ሳያስበው ዳሽቦርዱን ጨበጠ።

«ፍሬን! ቀስ በል!»

ሹፌሩ ዞሮ አየው። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ረገጠ፣ መኪናው ቀስ አለ። እግሩን አነሣ፣ ፍሬኑ ለቀቀ።