የበቀለች ትርጉም

ባጃጁ ጨለለቂ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ዛህራ ዘላ ገባች። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ከስልኩ ቀና አላለም። ሰላምታ የለም።

በምስጢር ስሙ «ዘመድ» ነው የሚባለው። እውነተኛ ስሙ ሠርፀ፤ አዲስ አበባ ያለው የቡና ላኪው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የጥበቃ ኃላፊ። እሷ ደግሞ «እንግዳ» ናት።

«ባጆቹ ማን ጋ ናቸው?»

«ገና አላወቅኩም።»

«ሰኞ የአሠሪና ሠራተኛ ቦርዱ የሴቶቹን ክስ ይሰማል። ዛሬ ኀሙስ ነው።»

«ቀን መቁጠር እችላለሁ።»

በድርጅቱ የቡና ለቀማ አዳራሽ ሴቶቹ የሚቀጠሩት ለሃምሳ ዘጠኝ ቀን ነው። ስልሳውን ካለፉ ቋሚ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ስልሳኛው ቀን አይመጣም። ይሰናበታሉ፣ በማግስቱ አዲስ ባጅ አንግበው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የወሊድ ፈቃድ የለ፣ ሕክምና የለ፣ ጡረታ የለ። አንዲት ሴት ግን መልሱ የተባሉትን አሮጌ ባጆች እየሰበሰበች ደብቃለች። ሳያቋርጡ ለዓመታት መሥራታቸውን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ የላቸውም።

«ባጆቹ ይጥፉ እንጂ ሰው አይነካም» አለ ሠርፀ። «ቃሌ ነው።»

አመነችው። ሳያምኑ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም።

ሽፋኗ ቀላል ነው። ስሟ አዳነች፤ ለቃሚ ሆና የተቀጠረች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ኦሮምኛ የማታውቅ። እውነቱ ግን ከዚህ ብዙ በማይርቀው ኡኬ የተወለደች የወሎ ሰፋሪ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ሳትሳደብ በፊት በኦሮምኛ ተሳድባለች። ለዚህ ነው ከሥራዋ ሁሉ ሳቅ የከበዳት። አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ፊቷን ግድግዳ ታደርጋለች። ጎኗ ያለችው በቀለች እስክትተረጉምላት ትጠብቃለች። ከዚያ ትስቃለች።

ዘግይታ።

በቀለች የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ተርጉሚ ያላት የለም። ሰው መሃል ተቀምጦ ወሬ ሲያልፈው ነውር ነው ብላ ነው። ሴቶቹ ስለ ቦርዱ ሲመካከሩም እየተጠጋች ትነግራታለች። እንዲህ ያለ ስለላ የት ይገኛል? ምስጢሩ በሹክሹክታ፣ በአክብሮት ይቀርብልሻል።

ዓርብ ምሳ ላይ ከለቃሚዎቹ አንዷ ወርቂቱ ሳህኗን አስቀመጠች። ምላሷን ተቆጣጣሪው እንኳ ይፈራዋል። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ በኦሮምኛ ተናገረች። መሃላችን ተልካ የመጣች ሰላይ አለች። ይቺው አዲሷ ናት፤ እጇን እዩት፣ ቡና ለቅሞ የሚያውቅ እጅ አይደለም።

ዛህራ ማኘኳን አላቆመችም።

አሥራ አንድ ሴቶች አዩዋት።

እንደ ልማዷ ወደ በቀለች ዞረች። «ምን አለች?»

በቀለች ወርቂቱን አየት አደረገቻት። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ከስተሻል ነው የምትልሽ። ብዪ ጨምሪ» አለቻት። የራሷንም ድርሻ ወደ እሷ ገፋችላት።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ዋሽቷታል። እሷን ላለማሳፈር ብሎ የዋሸ ግን አልነበረም።

ከሥራ ሲወጡ በቀለች ከመጋዘኑ ጀርባ ጠራቻት። ከሹራቧ ሥር ጥቁር ላስቲክ አወጣች።

«ኦቦሌቲ» አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ወርቂቱ ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታ ነው። ይሄ አንቺ ጋ ይቆይ። ሰኞ ቦርዱ ፊት አንቺ ራስሽ ስታወጪው ታፍራለች።»

«ለምን እኔ?»

«የኔን ቤት ዘበኞቹ ያውቁታል፣ ያንቺን ማንም አያውቅም። አደራ። ይሄ ከጠፋ በወለድኩ በአሥር ቀኔ ለቀማ ላይ ነኝ።»

ሠላሳ አራት ባጅ። ሁሉም ላይ ፎቶ አለ።

ዛህራ መንገዱን በእግሯ ሄደችው። ሁለት ጊዜ ቆመች። መመለስ ትችል ነበር። ጀምራ ያቋረጠችው ሥራ የለም፤ ሁሌም የምትኮራው በዚህ ነበር።

ጨለለቂ ስትደርስ ባጃጁ ታጥፎ መጣ።

ሠርፀ ላስቲኩን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። «ማን ሰጠሽ?»

«ሰው አይነካም ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«በቀለች።»

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። በቀለች የድርጅቱን ንብረት ሰርቃ ስለተገኘች ከሥራ ተሰናብታለች፤ ሠላሳ አራት ባጅ።

ዛህራ ደወለች። «ቃልህስ?»

«ያባረርነው እኮ ሌባ ነው» አለ ሠርፀ። «ሥራሽን ጨርሰሻል። የአራት ሰዓቱን መኪና ያዢ።»

ዘወር ስትል በቀለች ከፊቷ ቆማለች። ወርቂቱ ክንዷን ይዛታለች። በቀለች አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሮምኛ አናገረቻት።

«ኢንተለ ኤኙቲ አቲ?»

የማን ልጅ ነሽ?

ዛህራ የበቀለችን ከንፈር እያየች ትርጉሙን ጠበቀች።

በቀለች አልተረጎመችም።

መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጯ እስክሪብቶዋን አንስታ ስም ጠየቀቻት።

«አዳነች።»

«የአባት?»

አባቷ በድርቁ ዘመን ኡኬ ሲደርስ ከአማርኛ በቀር አንድ ቃል አያውቅም ነበር። ጎረቤቶቹ ገበያ ይዘውት እየወጡ፣ ቃል በቃል እየተረጎሙለት ነው ሰው ያደረጉት። ኡኬ ላይ ስሙ ዛሬም በክብር ይጠራል።

«የኔ እመቤት፣ የአባት ስም?»

«ደስ ያለሽን ጻፊ» አለቻት።

ሴትየዋ ትከሻዋን ሰብቃ አንድ ስም ጻፈች። ዛህራ ሳታነበው ትኬቱን አጠፈችና ተሳፈረች።