እንቁላሉን የፈቀዱት አባት

ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቁጥርና ፊርማ የሌለውን ነገር በቀላሉ አይቀበልም፤ እኔም የመናፍስትና የራእይ ወሬ ሲጀመር ተነሥተው ከሚሄዱት ወገን ነኝ፣ ዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለወጥኩም። ይህን የምጽፈው በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁት ብቻ ነው፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ባለቤቴ ይታይሽ አንጀቷ ተጠምዝዞ እዚሁ ደብረ ታቦር ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ የተበላሸው ተቆርጦ ወጣ፣ የቀረው ተሰፋ፣ በአራተኛው ቀን አየር ሲወጣላት ሐኪሙ አንጀቷ መሥራት ጀመረ ብሎ ደስ ብሎት ምግብ ፈቀደላት። ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ጥራጥሬ ሆዷን እንዳይነፋት ተከልክላለች፣ የታዘዘላት እንቁላልና ወተት ነው፣ እሷ ደግሞ ከገብስ አጥሚት በቀር አልቀምስም አለች።

"እማማ፣ በአጥሚት ብቻ ስፌቱ አይገጥምም" አለቻት የምግብ ባለሙያዋ። "አንጀቱ ከለቀቀ እንደገና መክፈት ነው፣ ያንን ደግሞ የሚችል አቅም የለዎትም።"

"የንስሐ አባቴ ይፍቀዱልኝና እበላለሁ።"

"ስልካቸው አይሠራም አላሉኝም?"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ፣ አንቺም ጠብቂ።"

የንስሐ አባታችን ጣራ ገዳም ሱባኤ ገብተው ነበር። ከቀዶ ጥገናው በሰባተኛው ቀን ክንዷ ቀጥኖ የቁስሉ ጫፍ መርጠብ ሲጀምር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን ላደርግ ወሰንኩ፤ አባ በስልክ ፈቅደዋል ብዬ ልዋሻት። ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ልጬ አጠገቧ አስቀመጥኩና ውሸቱን ልለማመድ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፣ ክፍሉ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፣ እኔም በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሲሚንቶውን ቀስ እያለ የሚመታ፤ ግራና ቀኝ ባይ ማንም የለም። ድምፁ በፊቴ አለፈ። ቀጥሎ ከበሩ ወዲያ፣ ከክፍሉ ውስጥ ሆነ፣ ወዲያውም የይታይሽን ድምፅ ሰማሁ፦ "እሺ አባ፣ እሺ።"

በሰው ስልክ እያወራች ይሆናል ብዬ ትንሽ ቆየሁ። በሩን ስከፍት ይታይሽ እንቁላል እያኘከች ነው። በቀጣዩ አልጋ እህቷን የምታስታምመው ጨርቅ ነጋዴዋ ሐዋ ዞር አለችና፣

"ምነው ጋሼ፣ ቄሱን አይሸኟቸውም?" አለችኝ።

"የትኛውን ቄስ?"

"አሁን የወጡትን ነዋ። በርጩማ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። በአጠገብዎ አይደል ያለፉት? እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር እንዴ?"

አልወሰደኝም። ይታይሽ ግን ለክርክራችን ጊዜ አልነበራትም።

"ልጄ ብይ፣ በታመመ ሰው ጾም አይጠናበትም ብለው ባረኩኝ። ያንን ሁለተኛውን አቀብለኝ።"

ማታ የአባ ስልክ ሠራ። አባን ስላደረጉልን ሁሉ ሳመሰግናቸው፣ "እኔ? እኔ እኮ ሱባኤ ከገባሁ ከበዓቴ አልወጣሁም" አሉ።

"ታዲያ አሁን ምን ልበላት፣ አባ?"

"የመጣው ማንም ይሁን፣ የተናገረው ትክክል ነው። ትብላ። ወተቱንም ትጠጣ።"

በላች፣ ጠጣች፣ ስፌቱ ገጠመ፣ ሐኪሙ በሰላም ወደ ቤት ሸኛት፣ እኔም ከስንት ቀን በኋላ ልቤ አርፎ ተኛሁ። ከፋሲካ በኋላ አባ ሊጠይቋት መጡ፣ ጥቂት ተጫውተን ሳለን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ያ ሰው እኔ አባሽ ነኝ አለሽ፣ ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?" አሏት።

ይታይሽ አሰበች። "ስም አልጠሩም። ነጠላው ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር፣ ያየሁት መስቀል የያዘውን እጃቸውን ብቻ ነው። ድምፃቸው ግን የሚያውቀኝ ሰው ድምፅ ነው።"

አባ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉላት። ልትሳለም ጎንበስ ካለች በኋላ ቆም አለች፣ መስቀሉን የያዘውን እጅ ለአፍታ ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ ተሳለመች።