ዶን ኡባልዶ የማይሻገሩት ጉድጓድ

የዶን ኡባልዶ ሬሳ ከጓሯቸው ገደል ሥር፣ ከሙዝ ተክሉ መካከል ተገኘ። ኢንስፔክተር ኤውፌሚያ ስትደርስ ልጃቸው ዊልማር በእህቱ በኑቢያ ላይ ይጮህ ነበር።

«በስልክ ስትለፈልፊ አባባን ገደል ሰደድሻቸው! ይቺን ነው ማሰር!»

ኑቢያ አንገቷን ደፋች። የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ ጥፋቱንም አምናለች።

«አንተስ አይተሃቸዋል?» አለች ኤውፌሚያ።

«በዓይኔ በብረቱ! በወጥ ቤቱ በር ብቻቸውን ወጡ። ትከተላቸዋለች ብዬ ተውኩት።»

ኤውፌሚያ የሚጮህ ሰው ዓይኗን አይስበውም፤ መሬት መሬቱን ማየት ትወዳለች። የፊት ለፊቱ በር ተቆልፏል፣ ቁልፉም ኑቢያ አንገት ላይ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ምንጣፍ ተነጥፏል።

«ይሄስ?»

«እግር መጥረጊያ ነዋ!» አለ ዊልማር። «ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ሞቶ ምንጣፍ ታጠናለች!»

ኑቢያ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

ኤውፌሚያ የዊልማርን ሚስት ዮርላዲን ጨምራ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበች። ከዚያ ኑቢያ ወደምታወራበት ቁጥር ደውላ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አስታማሚዎችን በስልክ የሚመክሩት ዶኛ ፊዴሊና አነሱ።

«ኑቢያ ጠዋት አነጋግራዎታለች?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት። ስታለቅስ ነበር።»

«ጎረቤት ጩኸት የሰማው ሦስት ተኩል ላይ ነው። ዮርላዲ ያኔ ቅዳሴ ላይ ነበረች፣ ቄሱ አይተዋታል። አሁን በሩ ላይ ስላለው ጥቁር ምንጣፍ ይንገሩን፤ ኑቢያ የእርስዎ ምክር ነው ብላኛለች።»

«ዶን ኡባልዶ ጥቁሩን ጉድጓድ ነው ብለው ይፈሩታል። እየወጡ እንዳይጠፉ በሩ ላይ ይነጠፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እጃቸውን ካልያዝኳቸው አንድም ቀን አልተሻገሩትም» አለች ኑቢያ።

ኤውፌሚያ ወደ ዊልማር ዞረች። «ብቻቸውን ወጡ አልከኝ። ታዲያ ዛሬ እጃቸውን የያዘው ማን ነው?»

«የምንጣፉን ነገር እኔ በምን አውቄ!»



«ዊልማር» አሉ ዶኛ ፊዴሊና ቀስ ብለው፣ «ምንጣፉን የመከርኩ ቀን ስልኩን ያነሳኸው አንተ ነህ። ገዝቼ አነጠፍኩት ያልከኝም አንተ።»

ዮርላዲ አፏን በእጇ ያዘች። ዊልማር አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱን ሕመሙ የጀመራቸው በአርባ ስድስት፣ አያቱን በአርባ አምስት ነበር።

ዊልማር ምንጣፉን እንደ አዲስ ነገር አየው። «እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ራሴን አያለሁ» አለ። «በሩ ላይ ተንቀጠቀጡ። እጄን ስሰጣቸው ‹ልጄ ካለ ምን እፈራለሁ› ብለው ምንጣፉን ዘለሉ። ገደሉ ጋ ስንደርስ ገፋኋቸው።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ኑቢያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ኤውፌሚያ እጇን ያዘቻት።

«አትዝጊው። የእሱ ተራ ሲደርስም ያስፈልግሻል።»