ሁለቱ ኡዋይሶች

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር አጋማሽ፣ ቀዩ አቧራ በንሳምብያ ኮረብታ ዛፎች ላይ ሰፍሮ ዝናብ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ ሉቅማን ኡዋይስ የተባለ ከሥራው የተሰናበተ የመንግሥት ጸሐፊ የይግባኝ መጥሪያውን በደረት ኪሱ ይዞ ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ወረደ፤ ሞተሩን የነዳውን ሰው እንኳ «ይህንስ ማን ልኮብኝ ይሆን?» ብሎ በጎሪጥ አየው። ዘመኑ ወረርሽኝ ገብቶ የካምፓላ ሰው ሁሉ ፊቱን በጭምብል የሸፈነበት ነበርና፣ ለተጠራጣሪ እጅግ የተመቸ ነበር።

ነገሩ የተጠነሰሰው ባለፈው ዓመት ነው። ከተማዪቱ ተዘግታ የዕለት ጉርሱን የሚለቅመው ሁሉ ጦሙን ባደረ ጊዜ፣ መንግሥት ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄትና ቦሎቄ ለችግረኞች እንዲታደል አዘዘ፤ ካምፓላ ተወልዶ ያደገው ሉቅማንም፣ ዘጠኝ ዓመት ባገለገለበት ጽሕፈት ቤት፣ የኪሱጉን ሰፈር ችግረኞች እንዲመዘግብ ተመደበ። ደንቡ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ ጸሐፊ ዘመዱን በገዛ እጁ አይመዘግብም፤ ለአለቃው አስታውቆ በሌላ ጸሐፊ ያስመዘግባል እንጂ። ታዲያ በመዝገቡ ውስጥ ናኢማ ኡዋይስ የምትባል ልብስ ሰፊ ተገኘች። መርማሪዎቹ ሁለቱን «ኡዋይስ» አስተያይተው፣ እህቱን ደብቆ መዝግቧል ሲሉ ከሥራው አሰናበቱት፤ ናኢማንም ሰፈሩ «የሌባ እህት» እያለ ተጠቋቆመባት፤ ስፌት የሚያመጣላት ጠፋ። ሉቅማንም ሰው ጠቁሞብኛል ብሎ ያየውን ሁሉ ይጠረጥር ጀመር።

ሐበሻ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱን ስም እንደሆነ መርማሪዎቹ ከየት ይወቁት? የሉቅማን አባት የወሎው ኡዋይስና የናኢማ አባት የጅማው ኡዋይስ በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም። ሉቅማን ይህንን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንዱ ቀን ማስረዳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን «ሚስተር ኡዋይስ» ሲሉት ደስ ይለው ነበርና በስሕተታቸው አጊጦ ኖረ።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ታዲያ ምን አስፈራው? ከናኢማ አራት መስመር ዝቅ ብሎ ሰልሰቢል ጣሂር የምትባል ሴት ተመዝግባ ነበር፤ የምትሠራበት ምግብ ቤት ተዘግቶ ከሦስት ልጆቿ ጋር የተራበች፣ የሉቅማን የእናቱ ልጅ፣ በአባት ብቻ የምትለየው እህቱ። ለአለቃው ሳያስታውቅ፣ ልጆቹ ሌላ ጸሐፊ እስኪመጣ አይጠብቁም ብሎ በገዛ እጁ ጽፏታል። ስም ዘመድን አይገልጥም ብሎ ባስረዳ ማግስት፣ እነዚያ ሰዎች መዝገቡን እንደገና መግለጣቸው አይቀርም።

በይግባኙ ዋዜማ ሰልሰቢል ራሷ መጥታ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ እኔን እንዳታነሳ። ጣሂርንና ኡዋይስን ማን ያገናኛል?»

«የጠቆመብኝ ሰው ያገናኛል። ናኢማ ነገ ምስክር ሆና ትቀርባለች፤ ግድግዳችሁ አንድ ነው፤ እናታችንንም ታውቃታለች።»

«እሷ ናት የጠቆመችው ብለህ ነው? በሎክዳውኑ ስንት ቀን ለልጆቼ ያካፈለች ሴት!»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።»

«ፖሾውን የበላሁት እኔ፣ ስንጥሩን የምትፈልገው አንተ!» አለችና ተቆጥታ ሄደች።

የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢ፣ መነጽራቸው በጭምብላቸው እስትንፋስ የሚደበዝዝባቸው አሮጊት፣ የሉቅማንን ማስረጃ በትዕግሥት ሰሙ፤ ናኢማም ቁርኣን ይዛ ከማለች በኋላ የአባቷን አሮጌ ፓስፖርት አቀረበች። ሰብሳቢዋ ፓስፖርቱንና ሉቅማን ያቀረበውን የአባቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአባትዎ ስም ስንጠራዎ ዝም አሉን?»

«አጥፍቻለሁ፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«የጠቆመብዎ ሰው ያለ ይመስልዎታል፤ የለም። አንድ አዲስ መርማሪ ሁለት ስም ተመሳስሎበት ነው። ይህ ስሕተት የእኛ ነው።» መዝገቡን ወደ እርሱ ገፋ አደረጉ። «ግን ስም ዘመድን የማይገልጥ ከሆነ፣ በዚህ መዝገብ ስሙ የማይመስል ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም» አለ ሉቅማን፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን ከእርሱ ሳይነቅሉ፣ «ወይዘሮ ናኢማ፣ እርስዎ ምለዋል። የሚያውቁት አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ናኢማ ወደ ሉቅማን ዞረች። ከጭምብሉ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ፤ ወራት ሙሉ የጠረጠራት ሉቅማን ጥላቻ ፈለገባቸው፤ አላገኘም። የፈራች ሴት ዓይኖች ነበሩ፤ ፍርሃቷም ለሰልሰቢል ልጆች እንደሆነ ገባው። በእርሱ ምክንያት ስሟ የጠፋ ሴት፣ አሁን ደግሞ ስለ እርሱ መሐላዋን ልታፈርስ ነው።

«እኔ የማውቀው...» ብላ ስትጀምር ከመቀመጫው ተነሣ።

«አይጠይቋት። ዋሽቻለሁ። አራት መስመር ዝቅ ይበሉ፤ ሰልሰቢል የእናቴ ልጅ ናት።»

ወደ ደጅ ሲወጣ ናኢማ ተከትላው ደረሰች።

«ምነው ለፈለፍክ? ልዋሽልህ ነበር እኮ!»

«እሱን ነው የፈራሁት፣ እትዬ ናኢማ» አላት፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይጠራጠር ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሥራ ግን አልነበረውም።

ጉባኤው ለናኢማ በቃል ይቅርታ ጠየቀ፤ ቃል ግን በመዝገብ አይቀመጥም። በጽሑፍ የቀረው ውሳኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይግባኝ ባዩ እህቱን መመዝገቡ ስለ ተረጋገጠ ስንብቱ ጸንቷል» ይላል፤ የትኛዪቱን እህት እንደሆነ አይልም። ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ላይ «የእናት ስም» የሚል መስመር ተጨመረ፤ ባለጉዳዮች ለምን እንደተጨመረ ሳያውቁ ይሞሉታል። የሉቅማንን ፋይል ያወጣ ሰው ደግሞ በሽፋኑ ላይ፣ በመጀመሪያው መርማሪ እጅ፣ ሁለት ስሞች ተጽፈው ያገኛል፤ ሉቅማን ኡዋይስ፣ ናኢማ ኡዋይስ። አንብቦም የገባው ይመስለዋል፤ ፋይሉንም ይዘጋዋል።