ሆቴሉ ውስጥ የቀረችው ልጅ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ...

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ሌሊት አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም። ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። "እንዲህ ያለ ነገር በቀን ብርሃን አይሆንም" የምትሉ ካላችሁ እኔም እንደናንተው ነበርኩ።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ስለዚህ ስሞቹን ቀይሬያለሁ። እኔን ከሚል በሉኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቀናተኛ ነኝ።

ባለቤቴ ለምያ የባጃጅ ሹፌር ስታመሰግን "ድምፅዋ ለምን ለሰለሰ?" ብዬ ሦስት ቀን የምብሰለሰል ሰው ነኝ። ከሁሉ አብልጬ የምቀናው ግን በሞተ ሰው ነው።

ሰሚር ይባላል።

አሥራ ስድስት ዓመታችን ላይ እኔና ሰሚር ከጋሽ ከፈለኝ ጌም ቤት አንጠፋም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ያለች ክፍል ናት፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሌላው ልጅ የኳስ ጌም ይጫወታል። እኛን የያዘን ግን አንድ የጃፓን ጌም ነበር። ከአገር አገር ትዞራለህ፣ ተራ ጠብቀህ ትዋጋለህ፣ ወር ሙሉ ብትጫወተው አያልቅም። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው።

ታዲያ እንዴት ትጫወቱት ነበር ትሉኝ ይሆናል።

በደብተር።

ደብተር ያዡ እኔ ነበርኩ። ምርጫ በመጣ ቁጥር እየሞከርን የትኛው መስመር ምን እንደሚያደርግ እጽፋለሁ። "ሱቅ፦ ሁለተኛው መግዛት።" "ሴቭ፦ አንደኛው።" ሰሚር ጆይስቲኩን ይዞ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል "ስንተኛው?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ይጫናል። አንድም ቀን ተጠራጥሮኝ አያውቅም።

ለምያ የጨርቅ ነጋዴው የጋሽ መሐመድአሚን ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟን ልትጠራ ትመጣና ትቆማለች። ወንድሟ ቤት ከገባ በኋላም ትቆማለች። የምታየው ጌሙን አልነበረም፤ የሰሚርን እጅ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።

ሰሚር ዋናውን ተዋጊ "ሳሚ" ብሎ ሰየመው። ነጭ ለብሳ ቁስል የምታክመውን ልጅ ደግሞ "ላሚ" አላት። ለምያ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንተማ ደብተር ያዥ ነህ" አለኝ።

ቀልዱን ነው። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ጌሙ ውስጥ አንዲት የወደብ ከተማ አለች፤ እዚያ ሆቴል አለ። ሆቴሉ ስትደርስ ሁለት መስመር ይመጣል። አንደኛውን ከመረጥክ ላሚ ትከተልሃለች። ሁለተኛውን ከመረጥክ ላሚ እዚያው ትቀራለች፤ አንተን መርከብ ወደ ማዶ ይወስድሃል። በሌላ ልጅ ጨዋታ አይተን ጽፈነዋል። ሆቴሉ የቀረችውን ልጅ ብታናግራት ያችኑ አንድ ነገር ነው የምትደግመው። አሥር ጊዜ ብታናግራት አሥር ጊዜ።

ሰሚር እዚያ የደረሰ ቀን ለምያ ቆሎ በፌስታል ይዛ መጣች። ለሰሚር ብቻ።

"ስንተኛው?" አለኝ ሰሚር።

ደብተሩን አየሁ። በገዛ እጄ፣ በትልቁ ነው የጻፍኩት።

"ሁለተኛው..." አልኩት።

ተጫነ።

ላሚ ቀረች። ሳሚ ብቻውን መርከብ ላይ ወጣ።

"ጥለኸኝ ሄድክ አይደል?" አለች ለምያ እየሳቀች።

ሰሚር አልሳቀም። "ዞሬ እመጣልሻለሁ" አላት። ለመመለስ አገሩን በሙሉ በእግር መዞር አለበት። ማዶ ወርዶ ባዶ ሜዳ ላይ ሴቭ አደረገና ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የተጫወተበት ጊዜ ይታይ ነበር... 61 ሰዓት ከ40።

በሳምንቱ ከአባቱ ጋር በቆሎ ሊያመጣ ጎጀብ ወረደ። ወባ ይዞት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ለምያን ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት አጽናናሁ፤ በስምንተኛው አገባኋት።

የሰሚርን ስም አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ይሄም ያናድደኝ ነበር። የረሳችው ሰው ቢሆን ኖሮ ስሙን ታነሣው ነበር እል ነበር ለራሴ።

እንግዲህ አሁን ወደዚህ ዓመት ልምጣ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የጋሽ ከፈለኝ ልጅ ዙፋን ደወለችልኝ። አሮጌውን ቤት ሊያፈርሱ ዕቃ እያወጡ ነው። "የጌሙ ካርቶን አለ፤ ካልወሰድከው እጥለዋለሁ" አለችኝ። ሄጄ አመጣሁት። ፕሌይስቴሽኑ፣ ጆይስቲኩ፣ ሲዲው፣ ደብተሩ፣ ሴቭ የተደረገ ጨዋታ የሚቀመጥበት አንድ ሚሞሪ ካርድ። ካርዱ ላይ በፕላስተር "ሰሚር" ተብሎ ተጽፏል።

ለምን ከፈትኩት? ሳሚ ማዶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ማየት አምሮኝ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው እንደተገተረ። እኔ በሶፋዬ፣ ለምያ በጓዳዬ።

ነበረም። 61 ሰዓት ከ40። ያው ሜዳ።

"ይሄ ሙዚቃ..."

ለምያ ናት። ከጓዳ መቼ እንደወጣች አላየሁም። መምህር ስለሆነች ክረምቱን ቤት ነው የምትውለው። እጇ እርጥብ ነው፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

"ሳሚ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"ላሚስ?"

"ሆቴሏ ውስጥ።"

"እስካሁን?"

ቅናት ሰቅዞ ያዘኝ። ምንም ሳልነካ፣ ሴቭም ሳላደርግ አጠፋሁት።

በማግስቱ ከፈትኩት።

66 ሰዓት ከ20።

ሳሚ ሜዳው ላይ የለም። ድልድዩን ተሻግሮ ጫካ ውስጥ ቆሟል።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ወዲያው ለምያን ጠረጠርኩ። እኔ ሱቅ ስውል እሷ ከእሱ ጋር ትውላለች ብዬ።

"ጌሙን ነክተሽዋል?"

"ኧረ እኔ አያያዙንም አላውቅበት" አለች። ስትመልስልኝ ግን ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ካርዱን ነቅዬ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ቆለፍኩበት። ዩኒቨርሲቲው በር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሄጄ ስሠራ ዋልኩ። በየሰዓቱ እዳስሰዋለሁ። አለ።

ማታ መልሼ ሰካሁት።

75 ሰዓት ከ10።

ሳሚ ከጫካው ወጥቷል። ዝናብ ይዘንብበታል።

ልብ በሉ... እዚያ ጌም ውስጥ ዝናብ የለም። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር የሞላሁት እኔ ነኝ። ዝናብ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ለምያ ተለወጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀጉሯን ታበጥራለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ፊቱ ትቀመጣለች።

"ስንት ቀን ቀረው?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ለማን?"

"እ? ምን አልኩ?"

እውነትም ያለችውን አታውቅም ነበር። ግን ጉንጯ ቀልቷል። ለእኔ እንዲያ ቀልቶ አያውቅም።

ካርዱን ለምን አልሰበርከውም ትሉኛላችሁ። ብሰብረው ለምያ ታለቅሳለች። ለእሱ ስታለቅስ ሁለተኛ ማየት አልችልም። በቃ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ሱቄን ዘግቼ በዝናብ ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ለምያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ይዛለች። አያያዙን አላውቅበትም ያለችው ሴት አውራ ጣቶቿ ልክ የሰሚር ቦታ ላይ ናቸው።

ስክሪኑ ላይ ሆቴሉ አለ። ሳሚ ላሚ ፊት ቆሟል። በመካከላቸው ሁለት መስመር...

"ከሚል..." አለችኝ ሳትዞር። "ደረሰ።"

"አጥፊው።"

"ምን እያላት ነው?"

"ለምያ... አጥፊው አልኩሽ።"

"የምትከተለው ስንተኛው ነው?"

ዝናብ ያራሰውን ጃኬቴን ማውለቅ ጀመርኩ።

"ደብተሩ አንተ ጋ ነው" አለች። ቀስ ብላ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ። "አንብብልኝ።"

ደብተሩን መግለጥ አላስፈለገኝም። አሥራ ስምንት ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ። ብነግራት ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። ምናልባት ትስቅና ታጠፋው ነበር። ምናልባት እሱን ሳይሆን እኔን ትመርጥ ነበር። እንድትመርጥ ግን አልፈቀድኩላትም።

"ሁለተኛው..." አልኳት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ዞራ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

ከዚያ ተጫነች።

ላሚ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቦታዋ ቆመች። ሳሚ አልሄደም። ጌሙ ውስጥ ያሉ ሰዎች ምርጫው ሲያልቅ ወዲያው ነው የሚሄዱት፤ እሱ ግን ቆየ። ከዚያ ዞሮ በሆቴሉ በር ወጣ። ስክሪኑ ጨለመ።

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ በጣም ደስ አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፍኩት አልኩ።

ትከሻዋን ነካ አደረግኳት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ አለች።

"መጣህ? ዝናብ መታህ?" አለችኝ።

"እንዴ፣ አሁን አብረን አልነበርን?"

"መጣህ? ዝናብ መታህ?"

ያው ድምፅ። ያው ፈገግታ። አንገቷም በዚያው በኩል ተሰበረ።

"ለምያ፣ ቀልዱ ይብቃ።"

"መጣህ? ዝናብ መታህ?"

ይዤ ነቀነቅኳት። ስሟን ጠራሁ። አለቀስኩ። አሥር ጊዜ ባናግራት... አሥር ጊዜ።

ይሄው ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። ከሰጠኋት ትበላለች፣ ካስተኛኋት ትተኛለች። ታላቅ እህቷ ሙሚና ከሺሺንዳ መጥታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ምንም በሽታ የለባትም አሏት። ሼኹ ቤታችን መጥተው ሦስት ቀን ቁርአን ቀሩባት። እሳቸውንም ዝናብ መታዎት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ግን "አንተ" ብላ። ሽማግሌ አንተ ብላ የማታውቅ ሴት።

"ምን አደረግካት?" አለችኝ ሙሚና፣ ጓዳ ጠርታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምንም።"

"ከሚል፣ ወላሂ በል።"

አልቻልኩም። ወጥቼ ግቢ ቆምኩ።

ጌሙን ደጋግሜ ከፈትኩት። ላሚ ብቻ ናት ያለችው። ሳሚ የትም የለም። ሁለቱ መስመሮች ቢመጡ አሁንስ አንደኛውን እመርጥላታለሁ ብዬ ነበር። እመርጥ ነበር... ለራሴ የምለው እንዲያ ነው። መስመሮቹ ግን አይመጡም። ሰዓቱ ብቻ ይቆጥራል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቤት ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ለምያ ሄዳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች።

"መጣህ? ዝናብ መታህ?"

እኔ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ነበርኩ።

ተነሥቼ በትከሻዋ ላይ አየሁ። ግቢው ሐይቅ ሆኗል፤ ዝናቡ መሬቱን እያፈላው ነው። መስኮቱ ሥር ግን ጠባብ ጠባብ የሆኑ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። እግር እግር ያህላሉ። እዚያ ላይ አይዘንብም።

ትናንት አጥሩ ሥር ነበሩ።