የተጠረገው መዝገብ

«አሁንም ጭጭ ነው» አለች እናቷ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «እንደ ድንጋይ።»

ልጅቷ በሩ አጠገብ ተንበርክካ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነበር። አንዱን አስራ ጨረሰችና መልሳ ፈታችው። ቀና ብላ ማየት አልፈለገችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ የድምፅ ምልክቷ አጠገብ ቀይ ኤክስ እንዳለ ሳታይም ታውቃለች።

የእናቷ ሥራ መስማት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በድምፅ የተቀዱ ስብሰባዎችን ይልክላታል። እሷ የሰዎቹን ንግግር ከነሳሉ ከነመንተባተቡ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ሥራ የለም። አሁን የሦስት ሰዓት ርዝመት ያለው የስብሰባ ቅጂ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ ነገ እኩለ ቀን ላይ ማስረከብ አለባት።

ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አቤት እታለም» አለ የልጅቷ አጎት።

«እታለም እያልክ አትደልለኝ። ሰኞ ይሄን ኮምፒውተር ከፍተህ ከዘጋኸው ወዲህ ድምፅ የለውም።»

«አቧራውን ብቻ እኮ ነው የጠረግኩት።»

«ታዲያ እስከዛሬ ሲናገር የኖረው አቧራው ነበር?»

አጎቷ ሳቀ። እናቷ ግን አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደሚያየው ነገራትና ስልኩ ተዘጋ።

«ነገ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ላገናኘው ቀጠሮ ይዤ ነበር» አለች እናቷ፣ ለልጅቷም ለራሷም። «ሃያ ኮምፒውተር የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋሉ። የእህቱን አንዲት ኮምፒውተር ያበላሸ ሰው ምን ብዬ ነው የማስገባው? በኋላ የምዋረደው እኔ ነኝ።»

አጎቷ ቋሚ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ሱቅ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰው ስልክ ይጠግናል። ዝናብ ሲጥል ጠረጴዛውን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ምናልባት በራሱ ተበላሽቶ ይሆናል እማ» አለች ልጅቷ።

«በራሱ የሚበላሽ ነገር የለም፤ ሰው ነው የሚያበላሸው። ተነሺ አሁን፣ ይረፍድብሻል።»

ያበላሸውን ሰው ልጅቷ በደንብ ታውቀዋለች። ማሰሪያዋን እያሰረች ያለችው ራሷ ናት።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። እናቷ ወጣ ብላ ነበር፣ ጌሙ ደግሞ እየተንቀረፈፈ አስቸገራት። አንድ ቪዲዮ አገኘች። ትንፋሽ የማይወስድ ሰውዬ «እነዚህን አሥራ ሁለት ሰርቪሶች ዝጉ፣ ኮምፒውተራችሁ ይከንፋል» ይላል። ሰርቪስ የሚባሉት ከጀርባ ሆነው ሳይታዩ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው ይነሳሉ። አንድ በአንድ፣ ዳግም እንዳይነሱ አገደቻቸው። የስምንቱን ሥራ ጨርሶ አታውቀውም ነበር። ጌሙ ፈጠነ፤ ወይም የፈጠነ መሰላት።

ቅዳሜ ምንም አልተበላሸም፣ እሑድም እንደዚያው። እናቷ ኮምፒውተሩን አታጠፋውም፣ እንዲያንቀላፋ ትተወዋለች እንጂ። ስለዚህ ቀድመው የተነሱት ሰርቪሶች ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰኞ አጎቷ መጥቶ አጠፋው፣ ገመዱን ነቀለ፣ አቧራውን ጠረገ፣ መልሶ አበራውና ሄደ። የታገዱት ያኔ ሳይነሱ ቀሩ። ጥፋቱ የቅዳሜ ነው፣ የታየው ግን በሰኞው እጅ ላይ ነው።

እውነቱን ትናገር ቢባል ደግሞ የምታጣው ነገር አለ። ፈተና እስኪያልቅ ከቤት ሥራ በቀር ኮምፒውተሩን እንዳትነካ ቃል ገብታለች። ቃሉን ካጠፈች የዕረፍት ጊዜው የኮምፒውተር ሥልጠና ይቀራል። ለዚያ ሥልጠና ስትል ወር ሙሉ ሳህን አጥባለች። ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው የራሷ መግቢያ የሰጣት አጎቷ ነው። ስሙንም «ኢንጂነሯ» ብሎ የጻፈው እሱ ነው። እናቷ «እንዴት ለልጅ ይሄን ሁሉ ትሰጣለህ?» ስትለው «አምናታለሁ» ብሎ ነበር የመለሰው። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ምን ሆነሻል? ሙድሽ የለም።»

«ምንም።»

«ነቄ ነኝ እኮ። የሆነ ነገር አጥፍተሻል።»

«ያጠፉትን ካስተካከሉት አለቀ አይደል?»

«ካልተነቃብሽማ አለቀ» አለች ጓደኛዋ፣ ወደ ደብተሯ እየተመለሰች።

ይህችን ቃል እስከ ቤት ድረስ ይዛት ሄደች።

ቤቱ ባዶ ነበር። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታላታለች፤ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ በሰው ኮምፒውተርና ማዳመጫ ልትሞክር ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

የሰርቪሶቹን ዝርዝር ከፈተች። የድምፁን ፈልጋ «አስነሳ» የሚለውን ተጫነች። ትንሽ መስኮት ብቅ አለና ከለከላት፦ ሊነሳ አልቻለም፤ የሚደገፍበት ሌላ ሰርቪስ አልተነሳም። ግራ ገባት። የድምፁን እንዳልዘጋች እርግጠኛ ነበረች። ማንም የድምፅን ሰርቪስ አይዘጋም። ታዲያ ይሄ የሚደገፍበት የቱ ነው? ውስጡን ከፍታ አየች። ከታች የተደገፈባቸው ተዘርዝረዋል፤ ሁለተኛው ላይ ዓይኗ ቆመ። ስሙ ረጅም ስለነበር ቅዳሜ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳታነበው የዘጋችው ነው።

ከ«ታግዷል» ወደ «በራሱ የሚነሳ» ቀየረችውና የድምፁን እንደገና ሞከረች። ያው መስኮት፣ ያው ክልከላ። የቀየረችውን ሳታጸድቅ ነበር የወጣችው። ተመልሳ አጸደቀች፣ መጀመሪያ ያንን አስነሳች፣ ቀጥላ የድምፁን። የቀሩትንም አሥራ አንድ እንደ ነበሩ መለሰችና ሪስታርት አደረገችው።

ቀዩ ኤክስ ጠፍቷል። ማዳመጫውን አድርጋ የስብሰባውን ቅጂ ከፈተች። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ሰዓቱም ስለደረሰ…» አለ። የማታውቀው ሰው ሳል ሙዚቃ ሆነላት።

ከዚያ መዝገቡ ትዝ አላት።

አጎቷ ነው ያሳያት። «ኮምፒውተር ሐሜተኛ ነው» ብሏት ነበር። «ማን ምን እንደነካ፣ መቼ እንደነካ ይጽፋል። ሰው ቢክድ እሱ አይክድም።» ዛሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከፈተችው። አሥራ ሁለቱም መስመሮች ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል፦ ቅዳሜ፣ ታግዷል፣ ታግዷል፣ ታግዷል። በየመስመሩ ጫፍ፦ ተጠቃሚ፣ ኢንጂነሯ።

«ጥረግ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ነጭ ሆነ። ትንፋሿን ለቀቀች።

ወዲያው አንዲት መስመር ብቅ አለች። መዝገቡ ተጠርጓል። ተጠቃሚ፦ ኢንጂነሯ።

እንደገና ጠረገችው። መስመሯ ተመልሳ መጣች። ደቂቃው ብቻ ተቀይሯል።

ለሦስተኛ ጊዜ ልትጫን ስትል በሩ ተከፈተ። እናቷ ትከሻዋ ወድቆ ገባች፤ መሥሪያ ቤት የነበረው ማዳመጫ አንድ ጆሮው አይሰማም። ልጅቷ መስኮቱን ቶሎ ዘግታ ከወንበሩ ተነሳች።

«እማ፣ ሠርቷል።»

እናቷ ማዳመጫውን አጠለቀች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። ልጇን ጎትታ ግንባሯን ሳመቻት።

«ትልቅ ሰው ያበላሸውን አንቺ አስተካከልሽው? ወይ የኔ ኢንጂነር! በይ ጌምሽን ተጫወቺ፣ እገዳው ተነስቷል። የምታውቅበትን ልጅ መከልከሌ የኔ ጥፋት ነው።»

የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ይባላል። ልጅቷ ዋጥ አድርጋ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

አጎቷ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ኖሮ እያለከለከ ገባ። መፍቻዎቹን የጠቀለለባትን ጨርቅ በብብቱ ይዟል።

«ዘገየህ» አለችው እናቷ ከወጥ ቤት። «ልጅቷ ጨርሳዋለች። አንተ አቧራ ጥረግ።»

«እሰይ፣ ተተኪ አፈራሁ ማለት ነው» አለ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ምን ሆኖ ነው?»

«እንጃ። ሪስታርት ሳደርገው በቃ ሠራ።»

«ሰኞ ምን እንደነካሁ ማወቅ አለብኝ» አለ፣ ወንበሩን እየሳበ። «እዚያ ከገባሁ ሃያ ናቸው። አንዷን ስህተት ሃያ ጊዜ ልደግማት ነው።»

ልጅቷ ከጀርባው ቆመች። እጁ የት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ያው ቦታ ሄደ። መዝገቡ ተከፈተ። ነጭ ገጽ፣ ላዩ ላይ አንዲት መስመር።

አነበባት። ረጅም አይደለችም፣ እሱ ግን ብዙ ቆየባት። ልጅቷ ዞሮ እስኪያያት ጠበቀች። አልዞረም። እንደዚያ ሳይዞር ከሚቀር ቢቆጣት ይሻል ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተነሳ።

«አገኘኸው?» አለች እናቷ፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች እየመጣች።

«አላገኘሁም እታለም።»

«ያው አንተው ነሃ። ከአንተ ሌላ ማን ነካው?» ስልኳን አነሳች። «ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ ሳይወጣ ልንገረው። ሌላ ሰው ይፈልግ፣ አንተ ትንሽ ቆይተህ ትሞክራለህ። እኔን አትቀየመኝ።»

«እንዳልሽ» አለ።

መፍቻዎቹን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ እንደ ቁመታቸው ደረደረ። ትንሿን ረጅሞቹ መካከል አስገባት፣ ተሳስቷል፣ አውጥቶ ቦታዋ መለሳት። እናቷ የስልኩን ቁጥሮች ወደ ታች እየገፋች ስም ትፈልጋለች። ልጅቷን የሚያያት ማንም የለም። ዝም ካለች አለቀ። ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጨርቁን እየጠቀለለ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለችና ዝቅ ያለውን መስኮት መልሳ ከፍ አደረገችው። ከዚያ የእናቷን ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት አቆመችው።

«እማ፣ አትደውዪ።»

«ምን?»

«አንዴ ተቀመጪ።»

አጎቷ ጨርቁን መጠቅለል አቆመ። እናቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጇን አየች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች፤ እጇም እንደ ልማዱ ወደ ማዳመጫው ሄደ።

«እሱ አያስፈልግም» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ የምነግርሽ።»